የቀስበሉ ቀኝ

የመኪና ራዲያተር የሚበይደው ሰውዬ፣ ባለ ራዲያተሩ፣ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ አይገባም፣ አይመለስም። ብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ከኋላው ሲመጡበት ጥግ ይዞ ያሳልፋቸዋል። ለቅሶ ቤት ዳቦ ይዞ የሚገባ አለ፤ ስኳር ይዞ የሚገባ አለ፤ የመኪና ዕቃ ታቅፎ የገባ ሰው ግን በዕድሜው አላየም። በመጨረሻ ባርኔጣውን አወለቀና ጥቅሉን በባርኔጣው ከልሎ ገባ።

ሐዘንተኛዋ ከመስኮቱ ሥር፣ ከባሏ ታላቅ እህት ጎን ተቀምጣለች። ከቀብሩ ወዲህ የሚሏትን ሁሉ በአንገቷ ነው የምትመልሰው። ሰውዬው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብሎ እጇን ሲይዛት ግን ዓይኗ ባርኔጣው ላይ ቀረ።

"ደረሰች?" አለችው።

"ደርሳለች" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ውሃ ሞልቼ ፈትሻታለሁ፤ ጠብ አትልም። ራሱ መጥቶ ይወስዳታል ብዬ ነው እንጂ…"

አልጨረሰውም። እሷም እንዲጨርሰው አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ጋዜጣው ውስጥ ያለችው የመኪናቸው ማሞቂያ ራዲያተር ናት። ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የማትበልጥ፣ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ አንገቶች ያሏት፣ ክንፎቿ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ዕቃ። ቦታዋ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሞተሩን ሙቅ ውሃ ተቀብላ ሙቀቱን ለተሳፋሪው ትሰጣለች። እሷ ካፈሰሰች መስታወቱ በላብ ይጋረዳል፣ ምንጣፉ ይረጥባል፣ ሰው ይንዘፈዘፋል። እሷን ለማውጣት ደግሞ የመኪናውን ግማሽ ፊት መገንጠል ያስፈልጋል። ባሏ ገነጠለ፣ አወጣ፣ ባለ ራዲያተሩ ጋ ወስዶ አስረከበ። በማግስቱ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ልቡ ቀጥ አለች። አንደኛው ጫማ ታስሮ ነበር።

ባሏን ሰፈሩ የሚያውቀው ቀስበሉ በሚል ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነዳ፤ ተሳፋሪ ሊወርድ በተነሣ ቁጥር "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" እያለ እናቱ ያወጣችለትን ስም አስረሳ። ጡረታ ሲወጣ አውቶቡሱን አስረክቦ ከአሮጌ መኪናው ጋር ቀረ። መኪናዋ ስትነሣ ታስላለች፣ ስትቆም ታዛጋለች፤ እሱ ግን የትም ብሄድ ታደርሰኛለች ይላል፤ ሲበዛ ደግሞ ከሚስቱ ቀጥሎ የምትታገሠው እሷ እንደሆነች ይናገራል።

ያ ሁሉ መገነጣጠል ለልጃቸው ሲባል ነበር። አንዲት ሴት ልጃቸው ከተራራው ማዶ፣ ብርዱ አጥንት በሚዘልቅበት ከተማ ታስተምራለች። የልጅቷ ባል መርከበኛ ነው፤ ቶሎ አይደርስም። ቀኗ ሳይሞላ ወለደችና ሕፃኗ በሙቀት ክፍል ሰነበተች። ሐኪሞቹ ኪሎዋ ደህና ነው፣ ትወጣለች፣ ብቻ በመንገድ ብርድ እንዳይነካት ብለዋል። አያትየው ታዲያ በስልክ፣ መኪናዋን ምድጃ አድርጌ እኔው ራሴ አመጣችኋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር።

ልጅቷ የአባቷን ሞት አልሰማችም። እናቷ ለሚያውቋት ሁሉ ደውላ አፋቸውን አስያዘች፤ ለልጇም አባትሽ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል አለቻት። ውሸቱ እስኪገናኙ ያደርሳል እንጂ አያሻግርም። የሰው መኪና የሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆም ልጅቷ ገና ከሩቁ ይገባታል፤ ደረጃው ላይ፣ ብርድ ውስጥ፣ ሕፃን ታቅፋ ለብቻዋ። እናትየዋ ያን አልፈለገችም። መንዳት ባሏ አስተምሯታልና በእሱው መኪና ሄዳ፣ ልጇን ከነሕፃኗ ሙቀት ውስጥ አስገብታ፣ በሩን ዘግታ በገዛ አፏ ልትነግራት ነው የፈለገችው። ሰሞኑን ስትጸልይ የምትለምነው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሐዘንተኛዋ ራሷ ራዲያተሯን ልትገጥም እንዳሰበች የባሏ እህት ስትሰማ ነጠላዋን አጥብቃ ተከናነበች። ወንድሟን በእጇ ያሳደገች፣ ከሳቀች የሰነበተች ሴት ናት።

"አፈሩ ሳይደርቅ ሐዘንተኛ ብሎን ስትፈታ በማን አገር ታየ?" አለች። "ተቀመጪ። የሰው አፍ ምን ይላል?"

"የሰው አፍማ ልጄን አያመጣልኝም፣ እትዬ" አለች ሐዘንተኛዋ።

ነገሩ ሳይከር የሟቹ ታናሽ ወንድም ገባበት። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሲያወራም ጣቶቹ መቀስ እንደያዙ ይንቀሳቀሳሉ። እሷ ቁጭ ብላ ትንገረኝ፣ እኔ እገጥማታለሁ፣ ስንት ራስ ያስተካከለ እጅ ለአንድ ሳጥን አያንስም አለ። እህትየዋም ካልቀረ ወንድ ይሥራው ብላ ፊቷን አዞረች።

መንገሩ ለሐዘንተኛዋ አዲስ አልነበረም። እሷና ባሏ ዕቃ የሚጠግኑበት የራሳቸው ወግ ነበራቸው። እሱ በጀርባው ይተኛና ራሱን ከዳሽቦርዱ ሥር ያስገባል፤ እግሮቹን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ይሰቅላል። እሷ የነጂው ወንበር ላይ ተቀምጣ በእጅ ባትሪ ታበራለታለች፤ ጭኗ ላይ ባዶ የእንቁላል ካርቶን አለ። የፈታውን ብሎን ሁሉ ከነሰፈሩ እየጠራ ያቀብላታል፤ እሷ በየጉድጓዱ ታኖራለች፣ በልቧም ትይዛለች። መልሶ ሲገጥም "ቀጥሎ?" ይላታል፤ ትነግረዋለች። አንቺ ባትኖሪ ይሄኔ የምነዳው ግማሽ መኪና ነበር ይላት ነበር። ልብስ ሰፊ ናትና ልኬት መያዝ ሙያዋ ነው፤ ሰፈሩም የቀስበሉ ጭንቅላት ሚስቱ ጭን ላይ ነው እያለ ይቀልድ ነበር።

እናም ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ቀለል ሲል፣ ፀጉር አስተካካዩ ከጎኗ ተቀምጦ አጎነበሰ፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና የባሏን ድምፅ እየሰማች ነገረችው። ሳጥኑ ውስጥ አንደኛው ወገን የራዲያተሯ፣ ሌላው የነፋስ መግፊያው ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ረዣዥሞቹ ብሎኖች ከቀኝ፣ አጫጭሮቹ ከግራ። ከቀኝ በኩል ያለችው የመጨረሻዋ ብሎን ትንሽ እንቢ አለች።

"ጠበቅ አለችብኝ" አለ።

"ቀስ በል" አለችው፣ ከዚያም የማንን ቃል እንደተናገረች ገባት።

እሱ ግን ገፋ አድርጎ አጠበቃት። ኮፈኑን ከፍተው ሁለቱን የጎማ ቱቦዎች መለሱ፣ አረንጓዴውን የራዲያተር ውሃ ሞሉ፣ ሞተሩን አስነሡ። ከለቅሶ ቤቱ የወጡ ወንዶች ዙሪያዋን ቆሙ፤ ሐዘን ላይ መሆናቸውን ረስተው አንዱ ጋዝ ስጣት ይላል፣ አንዱ ተዋት ትሙቅ ይላል። ሞቃት ነፋስ እግራቸውን ሲነካቸው ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ በራ። ብዙም አልቆየ። ያ የማይረሳው ጣፋጭ ሽታ መጣ፤ ከሳጥኑ ሥር አረንጓዴ ውሃ ምንጣፉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ረዥሟ ብሎን ክዳኑን አልፋ አዲስ የተበየደችውን ራዲያተር ወግታታለች።

ማንም ማንንም አልወቀሰም። ፀጉር አስተካካዩ እጁን እያየ የወንድሜን ዕቃ ገደልኩት ሲል፣ አንተ ያልኩህን ነው ያደረግከው አለችውና ወደ ቤት ገባች። ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። የደነገጠችው በራዲያተሯ አልነበረም። ባሏ ገና ከመሄዱ ነው፤ ድምፁ እንደ በፊቱ ጆሮዋ ውስጥ አለ፤ ከዚህ ወዲያ ያ ድምፅ የሚነግራት ሁሉ እውነት ይሁን አይሁን በምን ታውቃለች? ይህን ለማን ይነግሩታል። በዚያ ላይ ልጇ ደወለች። ነገ ከነገ ወዲያ ትወጫለሽ ብለውኛል፣ አባዬ ድምፁ ካልተከፈተ ስልኩን ያንኳኳልኝ አለች። እናትየዋ ተኝቷል አለቻት፤ ስልኩንም ከዘጋች በኋላ ለረዥም ጊዜ በእጇ ይዛው ቀረች።

ነገሩን የሰማው ባለ ራዲያተሩ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ቡና ከፔርሙዝ ቀድተውለት ፊቷ ተቀመጠ። ለማጽናናት ብሎ ስለ ሟቹ ማውራት ጀመረ። አውቶቡሱ ሰው በሌለበት ዳገት ላይ ሲቆምበት ቀስበሉ ብቻውን ሞተር ፈትቶ ብቻውን ይገጥም እንደነበር፣ አንድም ቀን አንዲት ብሎን ተርፋው እንደማታውቅ፣ ጋራዥ ውስጥ እንኳ ሌሎቹ የጠፋባቸውን ይዘው እሱ ጋ ይመጡ እንደነበር።

"የኔ ባል?" አለች ሐዘንተኛዋ።

"የሱን ዓይነት ጭንቅላት አላየሁም" አለ ሰውዬው ስኳሩን እያማሰለ። "አንድ ጊዜ ያየውን ዐሥር ዓመት ቆይቶ ይነግርሻል። አስታዋሽ? ለእሱ?"

ሌላ ሰው ገብቶ ወሬው ተቋረጠ። እሷ ግን ከዚያ ወሬ አልወጣችም። ከአሁኗ ልጃቸው በፊት በእቅፍ ሳለ የሞተ አንድ ሕፃን ነበራቸው። ያን ጊዜ እሷ መናገር ተወች፤ መስፋትም ተወች፤ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። አንድ እሑድ ባሏ የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ አወጣና ክር ይበጥሳል፣ ልፈታው ነው አለ። ብሎኖቹን እኔ እረሳቸዋለሁ፣ ያዢልኝ ብሎ የእንቁላል ካርቶን ጭኗ ላይ አስቀመጠ። ሲመሽ መኪናው ተገጥሞ ነበር፤ እሷም "አይ፣ እሷን አይደለም፣ ጠፍጣፋዋን" እያለች ቃል አውጥታ ነበር። አሁን ስታስበው ያ የስፌት መኪና ክር በጥሶ አያውቅም።

እሱ አልረሳም። እኔም አልረሳሁም። ታዲያ ስህተቱ የት ነው? ብላ አሰበች። ይህን አስባ ተነሣች፤ እህትየዋ የት ልትሄጂ ነው ስትላት መልስ ሳትሰጣት ወደ ግቢው ወጣች።

መኪናዋ ውስጥ የነጂው ወንበር ላይ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች። ባዶውን የእግር ማስቀመጫ አየችው። ብሎን የያዘው እጁ ወደ እሷ ብቅ ሲል ይታያታል፤ ጥፍሩ ጥቁር፣ የጋብቻ ቀለበቱ በክር የተጠመጠመ። የቀለበት እጁ ግራው ነው። ያ እጅ የሚወጣው ግን ከማዶ በር በኩል ነበር። ሰውየው በጀርባው ነው የሚተኛው፤ ራሱን ወደ ሞተሩ፣ እግሩን ወደ መደገፊያው። እሱ ቀኝ ሲል መሪው ያለበትን ወገን ነው፤ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀኝ ስትል የማዶውን በር ነው። ያን ሁሉ ዓመት እሱ በራሱ ቀኝ ይሰጣታል፣ እሷ በቃሉ ትይዛለች፣ እሱ መልሶ በራሱ ቀኝ ይቀበላታል፤ ቀኙ የማን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። የሚያስጠይቃቸውም ነገር አልገጠመም።

ጫማዋን አወለቀች። ጥቁር ቀሚሷን በጉልበቷ መሐል ሰብስባ፣ በማዶው ወንበር ላይ ተገልብጣ እንደ ባሏ በጀርባዋ ወረደች፤ ራሷን ከዳሽቦርዱ ሥር ከተተች፣ እግሯን መደገፊያው ላይ ሰቀለች። ወገቧ ጮኸ። ከመስኮት ያዩ ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ አንዷ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ፣ ምስኪን አለች። ሹክሹክታው እህትየዋ ጋ ሲደርስ ብድግ ብላ እየተንጎማለለች ወጣች፣ በሩን ከፈተችው።

ያየችው ሁለት ባዶ እግር ነው።

"አንቺ ልጅ" አለች፣ "ሰው ቤትሽ ሞልቶ።"

"እትዬ፣ ቀኝ እጄን ስዘረጋ ወዴት ነው የሚያመለክተው?" አለች ከታች።

እህትየዋ ጎንበስ ብላ አየች። "ወደ መሪው" አለች።

"ወደ መሪው። እሱም የሚለው እሱን ነበር። ረዥሞቹ ከመሪው ወገን ናቸው፤ እኔ ነኝ በራዲያተሯ ላይ የላክኋቸው።" የሳጥኑን ክዳን በጣቷ ዳሰሰች። "ልክ ነው የነገረኝ፣ እትዬ። የሰማሁትም ልክ ነው።"

እህትየዋ በሩን ይዛ ቆመች። መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ሴቶች ዞር ብላ አየቻቸውና መጋረጃውን እስኪዘጉት ድረስ ዓይኗን ከእነሱ ላይ አላነሣችም። ከዚያ ዞራ የነጂው ወንበር ላይ ገባች፤ ባትሪውን አነሣች፣ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ወንድሜ እንዴት ነበር የሚያደርገው?" አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ተጠርቶ ኮፈኑን ከፈተ። ሁለቱን ቱቦዎች አንቀው የያዙትን ፋሸታዎች አላልቶ ውሃውን በሳፋ ተቀበለ። ውስጥ ያለው የሴቶቹ ሆነ። ምንጣፉ ላይ አሮጌ ፎጣ ተነጠፈ። ሐዘንተኛዋ ካቻቢቴውን ይዛ አንድ በአንድ ፈታች፤ የእያንዳንዱንም ሰፈር ጮክ ብላ ጠራች፤ እህትየዋ ጥሪውን ደግማ ካርቶኑ ውስጥ አኖረች። የሙቀት መቆጣጠሪያዋን ሽቦ ከመንጠቆዋ በፒንሳ አላቀቀች። ክዳኑ ወረደ። ራዲያተሯ ከነቁስሏ ታየች፤ አንገቶቿ በግድግዳው ቀዳዳ አልፈው ወደ ሞተሩ ተዘርግተዋል። እዚህ ላይ ባሏ ይለሰልስ ነበር። በጉልበት ከሳብሻት አንገቷ ይቀራል ይላል፤ ወደ ላይ ትንሽ፣ ወደ ታች ትንሽ፣ እንደሚያንቀላፋ ልጅ እያባበልሽ። እሷም አባበለቻት። ወደ ላይ ትንሽ፣ ወደ ታች ትንሽ። የደረቀው ስፖንጅ ተላቀቀ፤ ራዲያተሯ ወጥታ ደረቷ ላይ ዐረፈች፣ ሆዷ ውስጥ የቀረውንም ውሃ አንገቷ ላይ ደፋችባት።

ሐዘንተኛዋ ሳቀች። ቀዝቃዛው ውሃ በጡቶቿ መሐል ሲወርድ፣ ተገልብጣ፣ እየሳቀች ቀና ስትል የእህትየዋን ፊት ከላይ አየችው። የባትሪው ብርሃን ተመልሶ ከሥር ያበራዋል፤ ሽበቷ፣ የተነከሰ ከንፈሯ፣ የሚያስብ ግንባሯ አንድም ሳይቀር ይታያል። ከላይ ላለው ሰው ከብርሃኑ ወዲያ ጨለማ ነው። ከታች ላለው ግን ከላይ ያለው ፊት ብቻ ነው የሚታየው። እሱ ከዚህ ሆኖ ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲያይ እንደኖረ ገባት። ሳቋ መልኩን ለወጠ፤ እህትየዋም ባትሪውን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ጨለማ ሰጠቻት፤ አልቅሳ እስክትጨርስም እንዲያው ይዛው ቆየች።

ባለ ራዲያተሩ ቀዳዳዋን ዘግቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ደጋግሞ ፈትሾ በዚያው ቀን መለሳት። ሐዘንተኛዋ ከልብስ መስፊያ ክፍሏ ወፍራም ስፖንጅ አምጥታ በአንገቶቿ ልክ ቀደደችላት። በማግስቱ ጠዋት ራሷ ተኝታ ራሷ ገጠመች። እህትየዋ ከላይ "ቀጥሎ?" ስትባል ትመልሳለች። ለቀስተኛ መጥቶ ሐዘንተኛዋ የታለች ብሎ ሲጠይቅም፣ ሥራ ላይ ናት፣ ግባና ተቀመጥ እያለች መለሰች። ሞተሩ ተነሣ። ጠበቁ። ፎጣው ደረቅ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እኔ ልንዳ ቢል እህትየዋ ክንዱን ያዘችው።

ሐዘንተኛዋ ተራራውን የወጣችው ቀስ ብላ ነው፤ ከኋላዋ የሚያጣድፏትን እያሳለፈች። አናቱ ላይ ብርዱ ሲጠና መስታወቱ ጥርት እንዳለ ነበር። የምትለውን ቃል ስትፈልግ ሄደች፤ ባገኘችው ቁጥር ጣለችው፤ በመጨረሻ እሱን አንተ ስጠኝ ብላ ለፈጣሪዋ ተወችው።

ልጅቷ ሕፃኗን ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማለች። መኪናዋን ስታይ ፊቷ ሁሉ ፈካ። የነጂው በር ተከፍቶ እናቷ ስትወርድ ደግሞ ያ ፍካት ቀስ ብሎ፣ ሳይጠፋ፣ ወደ ውስጥ ገባ። እናትየዋ ክንዷን ደግፋ አስገባቻት፣ በሩን ዘጋች፣ ዞራ ገብታ የራሷንም ዘጋች። ሙቀቱ ከበባቸው።

"ልጄ" አለች።

"እማዬ፣ ቆዪ" አለች ልጅቷ ሕፃኗን እያየች። "አባዬ ድምፁ ቢዘጋ ስልኩ ውስጥ ይተነፍስልኝ ነበር እንጂ ዝም አይለኝም። አውቄያለሁ። ግን አንቺ ንገሪኝ።"

ነገረቻት። ስለ ጫማው፣ ስለ ጠዋቱ፣ እንዳልተሠቃየ ነገረቻት። የሚባለው ሁሉ ከተባለ በኋላ ሁለቱም ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው አለቀሱ፤ ሕፃኗ መሐላቸው ተኛች። ሞተሩ በትዕግሥት ያጉረመርማል።

"ይቺን ማን ሠራት?" አለች ልጅቷ ኋላ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

"አባትሽ ፈታት" አለች እናትየዋ። "እኔ ገጠምኳት።"

 ልጅቷ የሕፃኗን ብርድ ልብስ ከታች ገለጥ አደረገች። ከሹራብ የተሠራችውን ካልሲ በሁለት ጣቷ ሳበች፣ ያችን ቀይ፣ የተሸበሸበች እግር በመዳፏ ይዛ ሞቃቱ ነፋስ ወደሚወጣበት ዝቅ አደረገቻት፤ እዚያም ያዘቻት።